ጭላዳው ቅርብ፣ ቀበሮው ሩቅ፦ ለሰሜንና ለባሌ ተራሮች ጉዞ የካሜራ ዕቃ አመራረጥ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝና «በጥር ባሌ ልንወጣ ነው፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» አለኝ። «ምን ልታነሣበት?» ስለው «ያገኘሁትን ሁሉ!» አለ። ያገኙትን ሁሉ የሚያነሣ ቦርሳ ደግሞ የባሌው ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ትንፋሽ ያሳጥራል። በሁለተኛው ቀን ካሜራው ከመኪና አይወርድም፣ ፎቶው ሁሉ በስልክ ይሆናል።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። መጀመሪያ ሰሜን ተራሮች የሄድኩ ጊዜ ከየሰዉ የተዋስኩትን ዕቃ ሁሉ አንጠልጥዬ ነበር። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንጓዝ ትከሻዬ ዛለና ረጅሙን ሌንስ በቅሎ ላይ አስጫንኩት። ዋልያዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲታዩ በቅሎዋ አንድ ሰዓት ቀድማኝ ሰፈር ገብታለች። የቀረልኝ ፎቶ ላይ ዋልያዎቹ ቁንጫ ያክላሉ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምመርጠው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዎቼ ከሰሜንና ከባሌ ናቸው፤ ስሌቱ ግን የትም ይሠራል።

1. ከካሜራው በፊት እንስሳውን ይምረጡ

ወረቀት ያውጡና ማየት የሚፈልጉትን እንስሳ፣ ከጎኑም ምን ያህል እንደሚያስጠጋ ይጻፉ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ኑሮው ሣር መንጨት ነው፤ መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። ሳንቃበር አካባቢ ያሉት ሰው ለምደዋል፤ መንገዳቸውን ሳይዘጉ ቁጭ ካሉ ሣሩን እየነጩ በ10 ሜትር ርቀት ያልፋሉ። ምግብ አይስጧቸው። እንጀራ የለመደ ዝንጀሮ ለገበሬውም ለቀጣዩ እንግዳም ጣጣ ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ገደል ወዳድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሸለቆ ማዶ፣ ከ100 እስከ 200 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ጨነቅ አካባቢ ዕድል የቀናው ሰው ከዚያ በቅርብ ያገኘዋል።

የደጋ አጋዘን ለማየት ዲንሾ፣ ከባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ያለው የጽድና የኮሶ ደን ይበቃል። እዚያ ያሉት ሰው ሲያዩ ብዙም አይደነግጡም፤ 30 ሜትር ላይ ቆመው ያዩዎታል። የምኒልክ ድኩላም እዚያው ይገኛል፣ እሱ ግን ዓይን አፋር ነው።

ቀይ ቀበሮው ሌላ ነገር ነው። አዋቂዎቹ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የሚኖረው በመንጋ ሲሆን አደን የሚወጣው ግን ለብቻው፣ ያውም በቀን ነው፤ ምክንያቱም ዋነኛ ምግቡ የሆነው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው በቀን ነው። ሳነቲን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ላይ ከ30 እስከ 80 ሜትር ርቀት ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ለመጠጋት ብለው መኪናውን ከመንገድ አያውጡ፤ ጎማው የሚደረምሰው የፍልፈሉን ጉድጓድ፣ ማለትም የቀበሮውን ጓዳ ነው። ረጅም ሌንስ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. ርቀቱን በሒሳብ ይለኩት

ይህችን ስሌት ብዙ ሻጮች አይነግሩዎትም። የርቀቱን ሜትር በ24 ያባዙ፣ ውጤቱን ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊ ሜትር ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር ፎቶው በወርዱ ስንት ሜትር እንደሚይዝ ይነግርዎታል። ይህ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ላለ፣ በተለምዶ ክሮፕ ለሚባለው ካሜራ ነው። ካሜራዎ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ ትልቅ ከሆነ በ24 ፈንታ በ36 ያባዙ።

ቀበሮው 50 ሜትር ላይ ነው እንበል፤ ሌንስዎ 400፣ ካሜራዎ ክሮፕ። 50 ሲባዛ በ24፣ ሲካፈል ለ400፣ 3 ሜትር ይሆናል። የቀበሮው ገላ ጭራውን ሳይጨምር ወደ 1 ሜትር ስለሆነ የፎቶውን ሲሶ ይይዛል። ግሩም ነው! በዚያው ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ 4 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ቀበሮውም ያንሳል። ካሜራው ጋር በተሰጠዎት 18-55 ከሞከሩት ግን ወደ 22 ሜትር ሜዳ ይገባል፤ ቀበሮው የት እንዳለ በጣት ማሳየት ሊኖርብዎ ነው።

ጭላዳው 8 ሜትር ላይ ሲሆን በ200 ወርዱ 1 ሜትር አይሞላም፤ ወንዱ ከነጎፈሩ ፎቶውን ይሞላዋል። ለጭላዳ ብሎ 600 የሚሸከም ሰው ትርፉ ድካም ነው። ዲንሾ ላይ ለአጋዘን ከ200 እስከ 300 ይበቃል። 150 ሜትር ማዶ ላለው ዋልያ በ400 ወርዱ 9 ሜትር ነው፤ ስለዚህ እሱን ከነገደሉ ለማንሣት ይዘጋጁ። እንደ እኔ ከሆነ ዋልያ የሚያምረውም ከነገደሉ ነው።

3. ሌንስ

ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውጡ። የካሜራው አካል በየጊዜው ይቀየራል፣ ሌንስ ግን ዓመታት አብሮ ይኖራል።

ገና ለሚጀምር ሰው ለክሮፕ ካሜራ የተሠራው የካኖን 55-250 ወይም የኒኮን ዲኤክስ 70-300 በቂ ነው። ሁለቱም ግማሽ ኪሎ አይሞሉም፤ ጭላዳንና አጋዘንን ያለ ችግር ይይዛሉ። ቀበሮውን ግን በፎቶው መካከል ትንሽ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ያንን እንደ ጉድለት አይዩት፤ ሜዳውና ሰማዩ ሲገቡበት ቀበሮው ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ ይታያል።

መካከለኛው ምርጫ 100-400 ነው፤ እኔም የማዘነብለው ወደዚህ ነው። አዲሱ የካኖን አርኤፍ 100-400 ክብደቱ 635 ግራም ብቻ ነው። ብርሃን አስገባብ ላይ ስስታም ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ ይቸገራል፤ ነገር ግን አንገት ላይ የሚውል ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ከተኛ ውድ ሌንስ ይሻላል።

ከዚያ በላይ ያሉት የሲግማና የታምሮን 150-600፣ የኒኮን 200-500፣ የሶኒ 200-600 ናቸው። ሁሉም 2 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። የመጡት ሳነቲ ላይ በመኪና ሆነው ቀበሮ ለማንሣት ብቻ ከሆነ ከእነዚህ አንዱን ይያዙ። ሰሜን ተራሮችን ሦስት ቀን በእግር ለመጓዝ ከሆነ ግን ይተዉት።

ሌንሱን በእጥፍ የሚያስረዝም ባለ 2 ቴሌኮንቨርተር በርካሽ ይገኝና ልብ ያማልላል። ሆኖም ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰውን ብርሃን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ቀድሞውኑ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 የሆነ፣ ማለትም ብርሃን በስስት የሚያስገባ ዙም ላይ ሲገጠም ብዙ የዲኤስኤልአር (ውስጣቸው መስታወት ያለ) ካሜራዎች ጭራሹን ፎከስ ማድረግ ያቅታቸዋል። በዚያ ገንዘብ ትርፍ ባትሪ ቢገዙ ይበጃል።

ደግሞም የትኛውም ሌንስ የማያሸንፈው ነገር አለ። ሳነቲ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 100 ሜትር ማዶ ያለ ቀበሮ በውሃ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ሰው ፎከሱ ተበላሸ ብሎ ሌንሱን ይረግማል። መፍትሔው መጠጋት ወይም ማለዳ መውጣት ነው።

4. ካሜራው

ይህ አጭር ነው። ያለፉት አሥር ዓመታት ካሜራዎች አብዛኞቹ ለዚህ ጉዞ ይሆናሉ። ለእንስሳ ክሮፕ ካሜራ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ከላይ በስሌቱ እንዳየነው 400 ሌንስዎ ክሮፕ ላይ ሲገጠም ፉል ፍሬም ላይ ያለ 600ን ያህል ያቀርባል። አዳዲሶቹ ሚረርለስ (መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች የእንስሳ ዓይን ፈልገው ፎከስ ስለሚያደርጉ ለሚሮጥ ቀበሮ እጅግ ይረዳሉ፤ ለተቀመጠ ጭላዳ ግን የድሮው ካሜራ አያንስም።

አንድ ነገር ብቻ ይፈትሹ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 3200 አድርገው ቤት ውስጥ ያንሡ። የሚወጣው ነጠብጣብ የሚያስችልዎ ከሆነ ካሜራው ለማለዳ ብርሃን ይሆናል። ነጠብጣብ በኋላ በኮምፒውተር ይቀንሳል፤ በመንቀጥቀጥ የደበዘዘ ፎቶን ግን ማንም አያድነውም።

5. ለመልክዓ ምድሩ

ሰው ተራራ ሲባል ቶሎ የሚያስበው ሰፊውን ሌንስ ነው። የሰሜኑ እመት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ቆመው በ16 ወይም በ18 ሲያነሡ ግን ያ ሁሉ ገደል ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል፤ ሩቆቹ አምባዎች ይኮማተራሉ። የሰሜን ተራሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዙ የሚደራረቡት ከ70 እስከ 200 ባለው ሌንስ ሲታዩ ነው። ለእንስሳ የያዙት ቴሌ ሌንስ እዚህም ሥራ አለው ማለት ነው።

ሰፊው ሌንስ የሚያስፈልገው ፊት ለፊትዎ የሚቀመጥ ነገር ሲኖር ነው። ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ሜትር ተጠግተው ከሥሩ ቢያነሡት ተራራው ከኋላው ይቆማል። የባሌው ሐረና ጫካ ውስጥም፣ ሽበት ያንጠለጠሉት ዛፎች መካከል፣ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ስለሌለ ሰፊው ይጠቅማል። ክብደት ካስጨነቀዎ ግን ይህን ሥራ ለስልክዎ ይስጡት፤ ስልክ የሚያሳፍረው ሩቅ ሲያነሣ እንጂ ሰፊ ሲያነሣ አይደለም።

ከፊልተር አንድ ፖላራይዘር ይበቃል፤ ከዝናብ በኋላ የቅጠልና የድንጋይ ነጸብራቅ ይቀንሳል። በዚያ ከፍታ ሰማዩ በራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ላይ ሲገጥሙት አንዱ ጎን ጥቁር ሌላው ነጣ ያለ ሰማይ ያወጣል፤ ያኔ ያውልቁት።

ስለ ብርሃኑም ላንሣ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ወደ ላይ የምትወጣው ቀጥ ብላ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች «ከንጋት በኋላ ያለው ወርቃማ ሰዓት» የሚሉት እኛ ጋ ሰዓት አይሞላም። ለመልክዓ ምድር ከጠዋቱ 12፡30 በፊት ቦታዎን ይዘው ይጠብቁ። ዕቃ ሲመርጡም ይህን ያስቡ፤ በጨለማ፣ በደነዘዘ እጅ ሊገጣጥሙት የማይችሉትን ነገር አይያዙ።

6. መደገፊያ

ሳነቲ ላይ ነፋስ አለ። ቀጭን ትራይፖድ እዚያ ላይ ከነካሜራው ይወድቃል፤ ወፍራሙን ደግሞ ማን ይሸከመዋል? መካከለኛውን ይያዙ፣ እግሮቹን ብዙ አያስረዝሙ፣ የካሜራ ቦርሳዎን ከመካከሉ አንጠልጥለው ያክብዱት።

ለመኪና ግን ትራይፖድ አያስፈልግም። ከጠንካራ ጨርቅ፣ ዚፕ ያላት፣ ትንሽ ትራስ የምታህል ከረጢት ያሰፉና ባዶዋን አጥፈው ይሂዱ። ጎባ ወይም ዲንሾ ሲደርሱ ሁለት ኪሎ አተር ወይም ስንዴ ገዝተው ይሙሏት። የመኪናው መስኮት ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ሲያስተኙባት ከየትኛውም ብረት ይልቅ ታጸናለች። ሲመለሱ አተሩ ለወጥ ይሆናል። ሾፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ ይለምኑት፤ የሞተር ንዝረት ፎቶ ያደበዝዛል። ቀበሮው ለቆመ መኪና ግድ የለውም፣ በር ሲከፈት ግን ይሄዳል።

በእጅ ለማንሣት ሹተር ስፒዱ (ፎቶው የሚነሣበት ፍጥነት) ቢያንስ የሌንሱ ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ለ400 የሰከንድ 1/600ኛ ማለት ነው። ለሚሮጥ ቀበሮ 1/2000ኛ ይሞክሩ። የሌንሱ የመንቀጥቀጥ መከላከያ የሚረዳው ለእርስዎ እጅ ነው፤ የቀበሮውን እግር አያቆመውም።

7. ባትሪ፣ ብርድ፣ አቧራ

በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሳነቲም ጨነቅም ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባትሪ ብርድ ሲመታው ቶሎ ያለቀ ይመስላል፤ ሲሞቅ ጥቂት ያገግማል። ስለዚህ ሌሊት ባትሪዎችዎን በካልሲ ጠቅልለው እንቅልፍ ልብስዎ ውስጥ ይክተቱ፣ ቀን ደረት ኪስ ውስጥ ይያዙ። ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ሚረርለስ ከሆነ አራት፣ ዲኤስኤልአር ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ባትሪ ይያዙ። ሰፈሮቹ ላይ መብራት አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። ካሜራዎ በዩኤስቢ የሚሞላ ከሆነ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ይበቃል። በአውሮፕላን ሲሄዱ እሱንም ትርፍ ባትሪዎቹንም በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው።

ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ካሜራው ያልበዋል። ገና ደጅ ሳሉ ፌስታል ውስጥ ከትተው አፉን ይቋጥሩት፤ ክፍሉን እስኪላመድ አይክፈቱት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

የሳነቲ መንገድ አቧራ ነው። ሌንስ መቀየር ካለብዎ መኪናው ውስጥ፣ መስኮት ዘግተው ይቀይሩ። ሁለት ካሜራ ያለው ሰው አንዱ ላይ ረጅሙን፣ ሌላው ላይ አጭሩን ገጥሞ መቀየሩን ቢተው ከሁሉ ይሻላል። ሴንሰሩ ላይ ብናኝ ካረፈ በጎማ መንፊያ ይንፉት እንጂ በአፍዎ አይሞክሩ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።

ሚሞሪ ካርድ አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 64 ጊጋ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

8. ይመዝኑት፣ ከዚያ ይቀንሱ

ሁሉንም ቦርሳ ውስጥ ከትተው ሚዛን ላይ ይውጡ። የሰሜን የእግር ጉዞ ከሆነ ከ5 ኪሎ በላይ ከሆነ አንድ ነገር ያውጡ። በሀገር ውስጥ በረራ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ስለሆነ ይህ ልክ እዚያም ይጠቅማል። ደባርቅ ላይ በቅሎና ጫኝ ይከራያሉ፣ የጥበቃ ስካውትም አብሮ ይሄዳል፤ ድንኳኑንና ምግቡን በቅሎዋ ትሸከም። ካሜራው ግን ጀርባዎ ላይ ይሁን፤ የእኔን ነገር አይተዋል።

ድሮን ያለ ፈቃድ ይዘው አይምጡ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ይህን አስቀድመው ይንገሩት፤ ቦሌ ላይ ከደረሰ በኋላ ማዘን ዋጋ የለውም። ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ባሌ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ደኅንነትና የፓርኩን የፎቶና የቪዲዮ ክፍያ ደውለው ይጠይቁ።

9. ግዢ ወይስ ኪራይ?

ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ ረጅሙን ሌንስ ይከራዩ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራየው ዕቃ በብዛት ለሠርግ የሚሆነው ስለሆነ 24-70፣ 85 እና 70-200 በቀላሉ ይገኛሉ፤ ከ400 በላይ የሆነውን ለማግኘት ግን ጥቂት ሳምንት ቀድመው ይፈልጉ። ካጡ 70-200ውን ክሮፕ ካሜራ ላይ ይግጠሙት። ጭላዳና አጋዘን በሚገባ ይወጣሉ።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ በፊትና በኋላ ክዳኑን አውልቀው በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን በቁም ሳጥን ያሳለፈ ሌንስ ላይ ይበዛል። ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ቀጥሎ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስረዝመው ሩቅ ያለ ጽሑፍ ያንሡና በካሜራው ስክሪን አጉልተው አራቱን ማዕዘኖች ያወዳድሩ።

10. ከመሄድዎ በፊት ከጭላት ጋር ይለማመዱ

ቄራ አካባቢ ወይም የትኛውም ሥጋ ቤት ያለበት ሰፈር ጭላት አይጠፋም። ከመነሣትዎ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ማለዳ የያዙትን ሌንስ ገጥመው 100 ያህል ፎቶ ያንሡ። ሰው ሰፈር ስለሆነ ግን ምን እያነሡ እንደሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ረጅም ሌንስ ጥርጣሬ ያመጣል።

ቤት ሲገቡ ፎቶዎቹን አጉልተው ይቁጠሩ። አብዛኞቹ ከደበዘዙ ሹተር ስፒዱን እጥፍ ያድርጉና በማግስቱ ይድገሙት። ወፏ ጠርታ ክንፏ ብቻ ከደበዘዘ ደህና ነዎት። ወፏ ደብዝዛ ከኋላዋ ያለው ቆርቆሮ ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ስቷል፤ ካሜራው በመካከለኛው አንድ ነጥብ ብቻ ፎከስ እንዲያደርግ አስተካክለው እንደገና ይውጡ።